ኦሪጅናሉ ወይስ ጄኔሪኩ? ስለ ኮሌስትሮል ኪኒን

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የዛሬው ጉዳይ እዚህ አሜሪካ የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን የኮሌስትሮል መድኃኒት ታዝዞልን ፋርማሲ ስንደርስ የምናነሣው ጥያቄ ነው፤ ኦሪጅናሉን ልውሰድ ወይስ ጄኔሪኩን፣ ማለትም የኦሪጅናሉ የፓተንት መብት ካበቃ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎች የሚያመርቱትን? እኔ ጄኔሪኩን እወስዳለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምናገረው ጉዳዩን በጥሞና ያነበበ ታካሚ ሆኜ ነው። ዓመቶቹንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

የታዘዘልኝ ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አቶርቫስታቲን ነው። ይህ መድኃኒት ሊፒቶር በሚል የንግድ ስም በ1997 ገበያ ላይ ውሎ፣ በ2011 መጨረሻ የፓተንት መብቱ በአሜሪካ ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎችም ያመርቱት ጀመር። በ1984 የወጣው ሕግ ጄኔሪክ አምራቹን በሺህ በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ የተደረገውን ሙከራ እንደገና እንዲያካሂድ አያስገድደውም፤ ነገር ግን ዋናው ንጥረ ነገርና መጠኑ አንድ መሆኑን፣ ወደ ደም የሚገባበት ልክና ፍጥነትም ከኦሪጅናሉ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ወደ ደም ለሚገባው መጠን የተፈቀደው ወሰን የኦሪጅናሉ ከ80 እስከ 125 በመቶ ነው ሲባል፣ ጄኔሪኩ በ20 በመቶ ሊጎድል ይችላል የተባለ ይመስላል። በዚያ ወሰን ውስጥ መግባት ያለበት ግን አማካዩ ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኝ የሚተውለት የስሌት ጥርጣሬም ጭምር በመሆኑ፣ አማካዩ ራሱ ከ100 ብዙ ከራቀ ፈተናውን ማለፍ ይከብደዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባለሙያዎች ከ2,000 በላይ እንዲህ ያሉ ጥናቶችን መርምረው በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ ወደ ደም በገባው መጠን ላይ በጄኔሪክና በኦሪጅናል መካከል የታየው ልዩነት በአማካይ 3.5 በመቶ ገደማ ነበር።

እኔን ያሳመነኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። የስታቲንን መጠን እጥፍ ብናደርገው፣ ለምሳሌ ከ20 ወደ 40 ሚሊ ግራም ብናሳድገው፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤል፣ ተጨማሪ የሚቀንሰው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እጥፍ መጨመር ይህን ያህል ብቻ ከለወጠ፣ የሦስት ወይም የአራት በመቶ ልዩነት በደም ምርመራ ውጤት ላይ ለይቶ የሚታይ አይሆንም።

በእርግጥ መልኩ ይለያያል። የሊፒቶር 20 ሚሊ ግራም ኪኒን ነጭና ሞላላ ሆኖ «ፒዲ 156» የሚል ምልክት ተቀርጾበታል፤ የጄኔሪኩ ቅርጽና ምልክት ግን ፋርማሲው አምራች በቀየረ ቁጥር ይቀየራል፤ ይህም ሰውን ያጠራጥራል። ጥርጣሬ ደግሞ ሕመም ሊሆን ይችላል። በ2020 ይፋ በሆነ የብሪታንያ ጥናት፣ ስታቲን አላስማማ ብሏቸው ያቋረጡ 60 ሰዎች በተለያዩ ወራት ስታቲንና መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ሳይለዩ ሲወስዱ፣ በስታቲኑ ጊዜ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ በባዶው ኪኒን ጊዜም ተሰምቷቸዋል። ይህ ማለት የጡንቻ ሕመም ሁሉ ሐሳብ የወለደው ነው ማለት አይደለም፤ ብርቱ ሕመም ወይም የጠቆረ ሽንት ካለ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መነገር አለበት።

አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ግን በዚህ ሁሉ አልተረታችም። ለእሷም ይኸው መድኃኒት ታዝዞላት፣ በስልክ «ልጄ፣ የህንዱን አልፈልግም፣ ኦሪጅናሉን ከዚያ ላክልኝ» አለችኝ። እኔ ሜሪላንድ የምውጠው ራሱ ህንድ የተሠራ መሆኑን ስነግራት ዝም አለች፤ እንዳላመነችኝ ግን አውቃለሁ። ስጋቷ ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚገኙ አሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ያህል ደረጃውን ያልጠበቀ ወይም ሐሰተኛ ነው። ሆኖም ከዚህ አደጋ የታወቀ ስም አያድንም፤ አስመሳይ የሚያስመስለው ውድ የሆነውን ነውና። በ2003 እዚሁ አሜሪካ ሐሰተኛ ሊፒቶር ገበያ ውስጥ ተገኝቶ እንዲሰበሰብ ተደርጓል።

ስለዚህ እናቴን የለመንኳት ኦሪጅናል እንድትፈልግ ሳይሆን፣ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ በደረሰኝ እንድትገዛ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተና ቀኑ ያላለፈ መሆኑን እንድታይ፣ ካርቶኑንም እንዳትጥል ነው። መድኃኒቱን ከጀመረች በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደሟን ትመረመራለች፤ ኤልዲኤሉ ካልወረደ ካርቶኑን ይዛ ሐኪሟ ዘንድ ትሄዳለች፤ በየቀኑ መዋጥ አለመዋጧንም መጠየቃቸው አይቀርም።