ተራራው አይዘፍንም

ሀብታሙ፦ ሰላም ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ? ከደብረ ብርሃን ነን። ቲጂ ዛሬ ጋቢ ደርባ ነው የመጣችው።

ትዕግስት፦ ኅዳር ነው እኮ! ጠዋት ስወጣ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ብሎ ነበር። ጋቢ ምኑ ያስቃል?

ሀብታሙ፦ አላሳቀኝም፣ አንድ ነገር አስታውሶኝ ነው። ጋቢው ዛሬ ርዕሳችን ውስጥ አለ፣ እንደርስበታለን። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጽፎልናል። ጓደኛው ዘፈን ሠርቷል፣ ስቱዲዮ ገብቶ ጨርሷል። አሁን ክሊፕ ሊሠሩለት ነው። ካሜራ የለም፣ ስልክ አለ። ብር የለም። «ከየት እንጀምር?» ይላል። ከታች ደግሞ የሚቀርጹበትን ቦታ ዘርዝሯል። ጣርማ በር፣ አንኮበር፣ ጓሳ፣ የደብረ ሲና ገደል...

ትዕግስት፦ በስንት ቀን?

ሀብታሙ፦ በሁለት ቀን።

ትዕግስት፦ ውይ! ቁርጥ እኛን። አንኮበር ከዚህ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጓሳ ደግሞ ወደ ሰሜን ሽቅብ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ። ልጁ ክሊፕ ሳይሆን የመስክ ጉዞ ነው ያቀደው።

ሀብታሙ፦ አንስቅበት፣ እኛም አድርገነዋል። ንገሪያቸው።

ትዕግስት፦ ተማሪ ሳለን አንድ የክፍላችን ልጅ ዘፈን ነበረው። ድምፁ ጥሩ ነው፣ የትዝታ ቅኝት ላይ ሲወጣ ደግሞ ያስፈራል። ስድስት ሆነን 500፣ 500 ብር አዋጣን። 3,000 ብር። ግማሹን ሚኒባስ በላው። ኮንትራት ይዘን በሌሊት ጣርማ በር ወጣን።

ሀብታሙ፦ ለምን ጣርማ በር?

ትዕግስት፦ ስለሚያምር ነዋ! ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ አለ፣ ዋሻውን ስታልፍ መሬቱ ከእግርህ ሥር ቁልቁል ይወርዳል። አገር ምድሩ ይታያል ብለን ነው።

ሀብታሙ፦ እና ምን አየን?

ትዕግስት፦ ጉም።

ሀብታሙ፦ ጉም! ሦስት ሰዓት ሙሉ። ዘፋኛችን 70 ሜትር ርቆ ቋጥኝ ላይ ቆሟል፣ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው፣ እግሩ ሰማያዊ ሆኗል። ጉሙ ሲገለጥ «ጀምር!» እንለዋለን። ሁለት ስንኝ ሳይጨርስ ይዘጋበታል።

ትዕግስት፦ ከዚያ ጭላዳዎቹ መጡ። እኔ ደስ አለኝ። ጭላዳ እኮ ሣር ነጪ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ሲነጭ ይውላል። 20 ደቂቃ ቀርጬ ያገኘሁት ጀርባ ብቻ ነው።

ሀብታሙ፦ ማታ ኤዲት የሚያደርግልን ልጅ ጋ ወሰድነው። ዝም ብሎ አየው። ሁሉንም አየው። ከዚያ ምን አለ?

ትዕግስት፦ «ተራራው ነው እንዴ የሚዘፍነው? የልጁ አፍ የታለ?»

ሀብታሙ፦ በቃ። እኔ ዛሬ ለዚህ ተማሪ የምነግረው ይህንኑ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ተራራ ማግኘት ቀላል ነው፣ በርህን ከፍተህ ትወጣለህ። ሁሉም ተራራ ስለሚቀርጽ የሁሉም ክሊፕ አንድ ይሆናል። የዚያ ልጅ ጉሮሮ ግን ያለው አንድ ቦታ ነው።

ትዕግስት፦ የርቀቱ ጣጣ በዚያ አላበቃም። ድምፁስ?

ሀብታሙ፦ አዎ፣ እሱ ይነገር። ፕሌይባክ ማለት ዘፈኑን በስፒከር ትለቃለህ፣ ዘፋኙ አብሮ ይዘፍናል፣ አንተ ትቀርጻለህ። እኛ ስፒከሩን ያስቀመጥነው ካሜራው አጠገብ ነው። ኤዲተሩ ካሜራው የቀዳውን ድምፅ ከስቱዲዮው ዘፈን ጋር ገጠመ። ልክ ነው። ግን ከንፈሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰክሮ የሚዘፍን ነው የሚመስለው።

ትዕግስት፦ እኔ ስልኩ ተበላሸ ብዬ ነበር።

ሀብታሙ፦ ስልኩ ምን በወጣው! ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 70 ሜትር ለመድረስ 0.2 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ25 ፍሬም ስትቀርጽ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ምስል፣ 5 ፍሬም ማለት ነው። 5 ፍሬም ደግሞ ዓይን ይይዘዋል።

ትዕግስት፦ ታዲያ ስፒከሩን ዘፋኙ እግር ሥር አድርገው።

ሀብታሙ፦ ያኔ ደግሞ የካሜራው ማይክ ነው ዘግይቶ የሚሰማው። ኤዲተሩ በዚያ ድምፅ ሲገጥም ከንፈሩ ይቀድማል። መድኃኒቱ መቅረብ ነው። ሦስት ሜትር፣ አምስት ሜትር።

ትዕግስት፦ እሺ፣ ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ከየት ይጀምር? እኔ ከወረቀት ነው የምለው። ሁለተኛው ቀን ያዳነን ወረቀት ነው። ግጥሙን አንድ ገጽ ላይ ትገለብጣለህ። በግራ ሰከንዱ፣ መሃል ስንኙ፣ በቀኝ የሚታየው ነገር። የእኛ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር። 220 ሰከንድ ነው። አንድ ሾት፣ ሳይቆረጥ የሚታየው አንዱ ቁራጭ፣ በአማካይ 4 ሰከንድ ቢቆይ 55 ሾት ትፈልጋለህ። ጣርማ በር ላይ የቀረጽነውን ስቆጥር የሚረባው ስድስት ነበር።

ሀብታሙ፦ 49 ይቀራል፣ ብሩ ደግሞ አልቋል።

ትዕግስት፦ ወረቀቱ ላይ ስታየው አዝማቹ አራት ጊዜ ይመለሳል። አራቱንም አንድ ቦታ ብትቀርጸው ማን ይከስሃል? ሰው ልብስ እየቀያየረ፣ ቦታ እየቀያየረ ይደክማል። እኛ አንድ ቦታ መረጥን፣ የሀብትሽ አጎት አውድማ።

ሀብታሙ፦ ታኅሣሥ ነው። ገብሱ ታጭዶ ውቂያ ላይ ናቸው። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ አጎቴ ከኋላ ይነዳሉ። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ዝቅ ትልና ላይዳው ሲነሳ ገለባው በብርሃን ውስጥ ወርቅ ይመስላል። መብራት ተከራይተህ አታገኘውም። ብቻ ነፋሱን ተጠንቀቅ። ከነፋሱ በታች ከቆምክ ገለባው ዓይንህም ሌንስህም ውስጥ ነው።

ትዕግስት፦ እና ስፒከሩን ከፈትን።

ሀብታሙ፦ (ሳቅ) ስፒከሩን ከፈትን። አጎቴ በሬዎቹን አቆሙ። መንሹን ተደግፈው «ልጄ፣ ጾም ነው። ይህን ጩኸት አጥፋ» አሉ። ጾመ ነቢያት ነው ለካ! እኛ የፈተና ሰሌዳ እንጂ የጾም ሰሌዳ አላየን።

ትዕግስት፦ እኔ ነበርኩ ፕሮግራሙን ያወጣሁት። አፈርኩ። እናቴ ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር?

ሀብታሙ፦ ለነገሩ እውነታቸውን ነው። ሰው ግቢ ገብተህ፣ ሥራ አስፈትተህ፣ በጾም ዘፈን ትለቅበታለህ? ስልክ ደውዬ «ጋሼ፣ እንመጣለን» ብቻ ነው ያልኳቸው። ለምን እንደምንመጣ አልነገርኳቸውም። ያ የእኔ ጥፋት ነው። ቀረጻ ስትሄድ ምን እንደምትቀርጽ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ፣ ማን ማን እንደሚታይ ቀድመህ ተናገር። ሰው ላይ ካሜራ አዙረህ «አባባ፣ ይፈቅዳሉ?» ማለት ዘግይቷል።

ትዕግስት፦ ልንመለስ ነበር። ዘፋኛችን ነው ዘዴ ያመጣው። ኢርፎኑን አንድ ጆሮው ውስጥ አደረገ፣ ገመዱን በጋቢው ሥር አሳልፎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጋቢውን እስከ ጆሮው ሳብ አደረገ። ምንም አይታይም። «እኔ ቀስ ብዬ እዘፍናለሁ፣ እናንተ ጠጋ በሉ» አለ። አጎትህም ለዚህ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሀብታሙ፦ ይኸውላችሁ ጋቢው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ! ጩኸቱ ጠፋ፣ የ5 ፍሬሙም ጣጣ አብሮ ጠፋ። ዘፈኑ ጆሮው ውስጥ ነው፣ ካሜራው ሦስት ሜትር ላይ የራሱን ድምፅ ይቀዳል፣ ኤዲተሩ በዚያ ይገጥማል። ባለ ገመዱን ግን ተጠቀሙ። የብሉቱዙ ራሱ ይዘገያል።

ትዕግስት፦ ደግሞ በእውነት መዝፈኑ! ከንፈሩን ብቻ ቢያንቀሳቅስ ያስታውቅበታል። ሲዘፍን አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ይነሳል፣ ትንፋሹ በብርዱ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ለዚያ ትንፋሽ ስንት ብር ይከፈላል?

ሀብታሙ፦ ስሎሞሽኑንስ? ልጁ ስለ እሱም ጠይቋል።

ትዕግስት፦ እሱ ቀላል ነው፣ ግን ያስቃል። በ50 ፍሬም ትቀርጻለህ፣ በ25 ታጫውተዋለህ። እንቅስቃሴው በግማሽ ይቀንሳል። ከንፈሩ እንዲገጥም ዘፋኙ በእጥፍ ፍጥነት መዝፈን አለበት። ዘፈኑን በእጥፍ አፍጥነህ ሌላ ፋይል ታዘጋጅለታለህ። ልጁ እንደ ንብ ነው የሚለው፣ «ዝዝዝዝ»። አጎትህ «አመመው እንዴ?» አሉ።

ሀብታሙ፦ ስትመልሰው ግን ነፍስ ነው። ገለባው በዝግታ ይወርዳል፣ ልጁ ከዘፈኑ ጋር ልክ።

ትዕግስት፦ እስክስታውን ግን ስሎሞሽን አታድርጉት። እለምናችኋለሁ። ትከሻ የሚያምረው በፍጥነቱ ነው። ደግሞ እግር አትቅረጹ፣ ከወገብ በላይ ያዙ። ነገሩ ያለው ትከሻ ላይ ነው።

ሀብታሙ፦ ባትሪ። እኔ ልናገረው፣ የእኔ ስልክ ነበር። 40 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ድርግም አለ። ብርድ ነው። ብብቴ ሥር አድርጌ ሳሞቀው ተነሳ። ትርፍ ባትሪም ፓወር ባንክም ካላችሁ በውስጥ ኪስ ያዙ። ማታ ደግሞ እሳት ያለበት ቤት ስትገቡ ሌንሱ ላብ ያልበዋል። ከመግባታችሁ በፊት ስልኩን ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፣ ሲሞቅ አውጡት።

ትዕግስት፦ ድሮንስ?

ሀብታሙ፦ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ ዝለሉት። ተራራ አትቅረጹ ብለን የለ?

ትዕግስት፦ ቢቱስ፣ የሚዘፈንበት ሙዚቃ? ብዙ ተማሪ ከዩቲዩብ አውርዶ ነው የሚዘፍንበት።

ሀብታሙ፦ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አለ፣ ቁጥር 410/1996። «ተማሪ ነኝ» ብሎ የሰው ሥራ መውሰድ አይቻልም። የቆየ የሕዝብ ዜማ ከሆነ እሺ፣ ግን አንድ ሰው ያቀናበረውን ቅጂ ወስደህ ከሆነ የእሱ ነው። ዩቲዩብ ራሱም ይለየዋል። ክሊፑ ካለቀ በኋላ ከሚወርድባችሁ አሁን ጠይቁ።

ትዕግስት፦ ኤዲቲንጉን አንድ ነገር ልበልና እንውጣ። ኤዲተራችን ያስተማረን ነው። መጀመሪያ ዘፋኙ ከላይ እስከ ታች የዘፈነበትን አንድ ሙሉ ቅጂ ታነጥፋለህ። የቤት ምሰሶ ነው። ሌላውን ከላዩ ትደርባለህ። የምትደርበው ከጠፋህ ወደ ምሰሶው ትመለሳለህ። እኛ ጋ ምሰሶው አውድማው ላይ የቀረጽነው ነው። የደረብነው ደግሞ የሀብትሽ አያት ናቸው።

ሀብታሙ፦ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው የበግ ፀጉር ይፈትሉ ነበር፣ ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብሱ። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ያሾሩታል። እኛ አልጠየቅናቸውም፣ እሳቸው ናቸው «እኔንስ አትቀርጹኝም?» ያሉት። ጣታቸውን ብቻ ቀረጽን። ኤዲተሩ እንዝርቱ በሾረ ቁጥር ሾት ይቀይራል። ሰው ሁሉ ስለዚያች እንዝርት ነው የሚጠይቀን።

ትዕግስት፦ አንድ ስህተት ግን እንመን። ስልክ ሲቀርጽ የፍሬሙ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ላይ የገጠመው ከንፈር ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሸሸ። ሁለት ሌሊት ስንለፋ ቆየን። ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ፋይሉን ቋሚ ፍሬም አድርገህ ታወጣዋለህ። ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት አድርጉት፣ በኋላ አይሆንም።

ሀብታሙ፦ ለገና ክሊፑን ይዤ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ጾሙ ተፈቷል፣ ድምፁን ከፍ አደረግኩ። ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው አዩት። ምንም አላሉም። እንደገና ክፈተው አሉኝ። እንደገና አዩ።

ትዕግስት፦ እና?

ሀብታሙ፦ «ቦራ የታለ?» አሉኝ።

ትዕግስት፦ በሬው!

ሀብታሙ፦ በሬው። ቀኑን ሙሉ ዞሮልን ቆርጠን ጥለነዋል። «ሥራውን የሠራው እሱ፣ የሚታየው ያ ልጅ» አሉ። የምመልሰው አጣሁ። ለኤዲተሩ ደወልኩለት። አሁን ክሊፑን ብታዩት 1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ ቦራ አለ፣ ሁለት ሰከንድ ሙሉ።

ትዕግስት፦ ምን አውጥታችሁ ነው ያስገባችሁት?

ሀብታሙ፦ ጣርማ በርን።