ድምፁን ዝቅ አድርጊው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ?

ዛሬ የምቀዳው ከኩሽና ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ከኋላ የሚሰማችሁ ጭስስ የሚል ድምፅ ምጣዴ ነው። የኛ ሰፈር መብራት የሚበረታው ሰው ሁሉ ሲተኛ ስለሆነ፣ እንጀራ የምጋግረው በዚህ ሰዓት ነው። ስልኬን ከበርበሬው ብልቃጥ ጋር አስደግፌ አቁሜዋለሁ። እየጋገርኩ አወራችኋለሁ። መሐል ላይ ዝም ካልኩ ሊጥ እያዞርኩ ነው ማለት ነው፣ ትንሽ ጠብቁኝ።

አዲስ አድማጮች ካላችሁ፣ እኔ ፋርማሲስት ነኝ። አዲስ አበባ፣ አንዲት ትንሽ የሰፈር መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ እውላለሁ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚያች መድኃኒት ቤት፣ ስለዚህ ምጣድ እና ስለ ሙዚቃ ነው። ለኔ ሦስቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ለምን እንደሆነ ከእናቴ ልጀምር።

ልጅ እያለሁ ቤታችን አንዲት ቴፕ ነበረች። ካሴቱ ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ እናጠብቀው ነበር። እናቴ ስትጋግር ቴፑ ይከፈታል፤ ያለ ሙዚቃ አትጋግርም። ግን ሊጡን ምጣድ ላይ ልታዞር ስትል ሁልጊዜ ወደኔ ዞር ትላለች።

«ዝቅ አድርጊው። ምጣዱን ልስማው።»

ያኔ አይገባኝም ነበር። ምጣድ ምን ይሰማል? አሁን እኔም ራሴ ስጋግር ነው የገባኝ። ምጣድ ይናገራል። በደንብ ከጋለ፣ ሊጡ ሲያርፍበት ጭስስ ይላል፣ ዓይኑም ወዲያው መፍካት ይጀምራል። ካልጋለ ዝም ይላል። ዝም ካለ እንጀራው ይጣበቃል፣ ዓይኑም አይወጣም። ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ድምፁ ይሰላል፣ ይቆጣል። እናቴ ሊጧን ለሁለት ሦስት ቀን አብኩታ፣ እርሾውን ቀድታ፣ አብሲት ጥላ፣ ያን ሁሉ ከደከመችበት በኋላ የመጨረሻውን ነገር የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ቆይ… አንዱን ላውጣ።

እሺ። ወጣ። ሰፌድ ላይ ነው።

እናቴ ቴፑን የምታስቀንስበት ሌላም ምክንያት ነበራት። ንጋት ላይ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ። ጥሩምባ ነፊው የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይናገራል። እናቴ ነጠላዋን ከማንሳቷ በፊት ወደ ቴፑ ትሄድና ነጩን ዳንቴል ታለብሰዋለች። ዳንቴሉን ከለበሰ ማንም አይነካውም። የሩቅ ሰው ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤት ከሆነ እስከ አርባው። እኛ ልጆቹ እንቁነጠነጣለን፣ እሷ ግን አትንቀሳቀስም። «እነሱ እያለቀሱ በግድግዳው ዘፈን ይግባባቸው?» ትላለች። በቃ፣ አለቀ።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። መድኃኒት ቤታችን ውስጥ፣ መደርደሪያው ጥግ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ስፒከር አለችኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ስንከፍት አብራታለሁ። «መድኃኒት ቤት ውስጥ ሙዚቃ ይከፈታል እንዴ?» ያሉኝ ሰዎች አሉ። የታመመ ሰው ይመጣል፣ ጭንቅ አለ፣ ነውር ነው የሚሉም አሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ግን እኔ የማየውን ልንገራችሁ። ሰው ማዘዣውን ሰጥቶ ዋጋው እስኪነገረው ድረስ ያለችው ጊዜ በጣም ትከብዳለች። በልቡ ብር እየቆጠረ ነው። ሁሉንም ልግዛ፣ ወይስ ግማሹን? ያቺን ደቂቃ ፍጹም ዝምታ ውስጥ ማሳለፍ ይከብዳል። ቀስ ያለ ክራር ካለ ሰው ትንሽ ይተነፍሳል። ትከሻው ሲወርድ አያለሁ።

ግጥም ያለው ዘፈን ግን ፍሬ ስቆጥር አልከፍትም። ከትልቁ እቃ ወደ ትሪው አፍስሼ፣ በስፓቹላ አምስት አምስት እያደረግኩ ነው የምቆጥረው። ቃል ጆሮዬ ውስጥ ከገባ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። የመድኃኒት ቁጥር ደግሞ ሊጠፋ አይገባም። ስለዚህ ለቆጠራ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው የሚከፈተው። እማሆይ በ1916 አዲስ አበባ ተወልደው፣ መንኩሰው፣ በመጨረሻም ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ኖረው፣ በመጋቢት 2015 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኗቸው ሰውን አያዋክብም። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል። ስቆጥር አብሮኝ ይቆጥራል።

በሁዳዴ ደግሞ 55ቱን ቀን በገና ነው። አሥሩም ክር ሲንዘረዘር የመስታወቱ መደርደሪያ ራሱ የሚያስተጋባ ይመስለኛል። ያ ወቅት ለኛ ጆሮ የሚጠይቅ ወቅት ነው። «ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አልቀምስም፣ ይሄንን የስኳር መድኃኒት እንዴት ልውሰደው?» የሚሉ እናቶች ይመጣሉ። በረመዳንም ያው ጥያቄ አለ፣ በሱሁርና በኢፍጣር መሐል። አንዳንዱ መድኃኒት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፣ ባዶ ሆድ ላይ አይሆንም። እናም መጀመሪያ እጠይቃለሁ። መቼ ነው የሚበሉት? ምን ያህል ጊዜ? ሐኪምዎ እንደሚፆሙ ያውቃል? ብዙ ሰው ይሄን ለሐኪሙ አልነገረም። ለኔ ይነግረኛል። እዚያ ላይ ስፒከሯን ዝቅ አደርጋለሁ።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው አሜሪካ ናት። በስልክ «ጠዋት 8 ሰዓት ላይ ውሰጂ» ብላቸዋለች። እሳቸው ታዲያ ለሳምንታት ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት ይወስዱ ነበር። ልጅቷ ጠዋት ማለቷ በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ በኛ 2 ሰዓት። እሳቸው «ጠዋት» የምትለዋን አልሰሟትም፣ ቁጥሯን ብቻ ነው የያዙት። ደግነቱ ምንም አልሆኑም። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ሰዓት ስጽፍ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ከዚያ ገዢው መልሶ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ።

አሁን ላወራችሁ ወደፈለግኩት ሰውዬ ልምጣ።

በየወሩ የሚመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። አባባ ነበር የምላቸው። ኮት፣ ባርኔጣ፣ በእጃቸው ከዘራ። መድኃኒታቸውን ሳዘጋጅ በሁለት ጣታቸው መስታወቱን ይመታሉ። ቸኩለው አይደለም። ምት ነው የሚይዙት። አንድ ቀን የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ከፍቼ ነበር። እሱ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። አባባ ጣታቸውን አቆሙ።

«ይሄ እኮ እየፎከረ ነው» አሉኝ።

«ሳክስፎን ነው እኮ አባባ።»

«እሱማ አውቃለሁ ልጄ። ሳክስፎኑ ነው የሚፎክረው።»

ከዚያ በኋላ በየወሩ ፈተና ሆነ። ሲመጡ የተከፈተውን ያዳምጡና «ምን ቅኝት ነው?» ይሉኛል። እኔ ዝም። «አምባሰል ነው» ይላሉ። በሚቀጥለው ወር «ይሄሳ?» ባቲ ነው። ባቲን ሲሉ ከተማዋን ያስታውሳሉ፣ የሰኞ ገበያዋን ያነሳሉ። አራቱን ቅኝት፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ መስታወት ላይ ነው የተማርኩት። ክራር ተጫዋች ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር ክሩን ያላላዋል ወይም ያጠብቀዋል። መቃኘት ማለት ይሄው ነው አሉኝ። አምስት ድምፅ ነው ያለው። ከአምስቱ አንዱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ልብህ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ልምምዴ ቅዳሜ ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣልን ቅዳሜ ጠዋት ከመጣ ያ ቀን የልብስ ነው። ሳፋውን ደጅ አወጣለሁ፣ ስልኬን መስኮቱ ላይ አደርጋለሁ፣ እከፍታለሁ። ልብስ በእጅ ማጠብ ለሙዚቃ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ልንገራችሁ። እጄ አረፋ ስለሆነ ዘፈን መዝለል አልችልም። የመጣውን እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ። ሌላ ጊዜ ግማሹን ሰምቼ የማልፈውን ዘፈን፣ መጨረሻው ላይ ማሲንቆው ብቻውን ሲቀር እሰማዋለሁ። አንሶላ እያሸሁ፣ እየጨመቅኩ፣ «ይሄ ባቲ ነው… አይ፣ አይደለም፣ አምባሰል ነው» እላለሁ። አንድ ወር አባባ ገና ሳይጠይቁኝ «አንቺሆዬ ነው!» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። እውነት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ላለሁት ለኔ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ።

ቆይ፣ ሊጥ ላዙር።

እሺ። ከዚያ አንድ ወር ቀሩ። ሰው ይቀራል፣ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ ሌላ ቦታ ይገዛል ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ አንዲት እናት ጥቁር ለብሰው ገቡ። ስፒከሯ ላይ ችክችካ ነበር፣ የሠርግ ዓይነት፣ የሚያስጨፍር። ጥቁሩን እንዳየሁ እጄ ራሱ ሄዶ አጠፋው። የእናቴ እጅ ነው የሄደው ማለት እችላለሁ።

ፌስታላቸውን ፈተው መስታወቱ ላይ አስቀመጡ። ፖስታው የኛ ነው። ጽሑፉ የኔ ነው። «1 ፍሬ፣ ማታ 1 ሰዓት።» ውስጡ ሁለት ስትሪፕ አለ። አንደኛው ሙሉ ነው። ሁለተኛው ላይ ከአሥሩ አራቱ ብቻ ተነስተዋል። ስድስቱ አሉ። በየቀኑ አንድ ነበር የሚወስዱት። እናም የቱ ማታ ላይ እንደቆሙ መስታወቱ ላይ ይነበባል።

«ያልተነካ ነው ልጄ» አሉኝ። «ለሌላ ምስኪን ስጪልኝ። ይጠቅም።»

መስጠት አይቻልም። ከመድኃኒት ቤት አንድ ጊዜ የወጣ መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ፀሐይ ይንካው እርጥበት ስለማይታወቅ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ይሄን ማስረዳት ነበረብኝ። ቃሉ አልመጣልኝም። «እማማ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ በሥርዓቱ እናስወግደዋለን» ብቻ አልኩ። እሺ አሉ። ባዶውን ፌስታል አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አልኳቸው። ከወጡ በኋላ ያችን ስትሪፕ ይዤ ትንሽ ቆምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፒከሯን አልከፈትኩም። አባባ ዘመዴ አይደሉም። ግድግዳ አንጋራም። ግን እማማ በየጠዋቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በደጃችን ያልፋሉ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሁለት ጊዜ ልትከፍተው ብላ ዓይኔን አይታ ተወችው። ደንበኞችም ለመዱት። ፍሬ የምቆጥረው በዝምታ ሆነ። እንደዚያ ስቆጥር የስፓቹላው ድምፅ፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ ጣት መስታወት የሚመታ ይመስለኝ ነበር።

አርባው ወጣ። ከዚያም በኋላ እኔ አልከፈትኩም፤ መቼ እንደሚከፈት አላውቅም ነበር። እናቴ ብትኖር ዳንቴሉን የምታነሳበትን ቀን ታውቀዋለች።

ባለፈው ሳምንት እማማ መጡ። አሁንም ጥቁር ናቸው። ማዘዣ ይዘዋል፣ የራሳቸውን፣ የዓይን ጠብታ ነው። ተቀበልኳቸው። እየጠበቁ ወደ መደርደሪያው ጥግ ተመለከቱ።

«ሬዲዮናችሁ ተበላሸ?»

«አይ፣ አልተበላሸም እማማ።»

ገባቸው መሰለኝ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እሱ ከዚህ በመጣ ቁጥር ያወራልኝ ነበር» አሉ። «እዚያች ልጅ ጋ የሚፎክር ነገር አለ ይለኛል። ምንድነው እሱ?»

«ሳክስፎን ነው።»

«እስቲ ክፈቺው።»

በጣም ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ጭራሽ የማይሰማ ያህል። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ፣ ወደ መስታወቱ ተጠጉ።

«ከፍ አድርጊው ልጄ» አሉኝ። «ጆሮዬ እኮ ደክሟል።»

ከፍ አደረግኩት።

አምስት እንጀራ ይቀረኛል። ደህና እደሩ።