አጋዘኑ የሕዝብ፣ መሬቱ የሰው
በቨርጂኒያ ለአዲስ አዳኞች ከአደን ወቅት በፊት የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ቨርጂኒያ ውስጥ የአጋዘን የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ከኖቬምበር ሦስተኛ ሰኞ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። ከዚያ ሳምንት ቢሆነው ነው፣ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ የምትጥሉት አጋዘን ከፍሪዘር የሚወጣው ለገና ነው። ወደ ጥብሱ በኋላ እንመለሳለን፤ አሁን ስለ መሬቱ እናውራ።

በዚህ አገር ሕግ ጫካ ውስጥ ያለ አጋዘን የባለመሬቱ ከብት አይደለም። ስቴቱ በአደራ የሚጠብቀው የሕዝብ ሀብት ነው። ባለመሬቱ አጋዘኑን «የኔ ነው» ሊል አይችልም፤ እናንተን ግን «አትግቡብኝ» ሊል ይችላል። መሬት የሌለው አዳኝ ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። (ስሙንም ቢሆን ተውሰን ነው። አገር ቤት አጋዘን የምንለው ቀንደ ጥምዝ ዕድሜ ልኩን ቀንዱን አይጥልም፤ የዚህ አገሩ ባለ ነጭ ጭራ ግን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል።)

ለሁሉም ክፍት የሆነ መሬት አለ። ጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን የተባሉት ብሔራዊ ደኖች በጠቅላላ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል ይሆናሉ፤ አብዛኛው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። አዲስ አዳኝ እዚያ ለማደን የአዳኝነት ትምህርት ምስክር ወረቀት፣ መሠረታዊ የአደን ፈቃድ፣ የአጋዘንና የተርኪ (ትልቅ የዱር ወፍ) ፈቃድ፣ ከዚያም የብሔራዊ ደን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ነው፤ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም። ፌርፋክስ የምትኖሩ ደግሞ ካውንቲው በፓርኮቹ ውስጥ በቀስት ብቻ የሚያካሂደውን የአጋዘን ቅነሳ ፕሮግራም ጠይቁ።

በሕዝብ መሬት ስታድኑ የማንም ችሮታ አይደለም። በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ የፌዴራል ቀረጥ አለ። አምራቹ ይክፈለው እንጂ ዞሮ ዞሮ የሚወጣው ከእናንተ ኪስ ነው። ገንዘቡም በ1937ቱ የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ መሠረት ለዱር እንስሳት ሥራ ለስቴቶች ሲከፋፈል የመሬት ስፋታቸውና ፈቃድ ያወጡ አዳኞቻቸው ቁጥር ይታያል።

የዋዮሚንግን ጉዳይ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እዚያ መሬቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለባቡር ኩባንያ በተሰጠ ጊዜ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተከፋፍሎ ቀረ፤ አንዱ ካሬ የመንግሥት፣ ቀጣዩ የግል። በ2021 ከሚዙሪ የሄዱ አራት አዳኞች ሁለት የመንግሥት ካሬዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ መሰላል አቁመው ተሻገሩ። የግሉን አፈር አልረገጡም። ባለመሬቱ «አየሬን አቋርጣችሁ አለፋችሁ» ብሎ ከሰሳቸው። በማርች 2025 የአሥረኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የ1885ን የሕገ ወጥ አጥር ሕግ ጠቅሶ ለአዳኞቹ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ሳይቀበል ቀረ። በእኔ እምነት ፍርዱ ልክ ነው፤ የሕዝብን መሬት በአየር አጥሮ መያዝ የለም። ግን ሁለት ነገር አትርሱ። ውሳኔው የሚገዛው ዋዮሚንግን፣ ኮሎራዶን፣ ዩታን፣ ኒው ሜክሲኮን፣ ካንሳስንና ኦክላሆማን ነው፤ ቨርጂኒያ የለችበትም። ሁለተኛ፣ ሰዎቹን ያዳናቸው ካርታቸውን በስንዝር ማወቃቸው ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ ዛፍ ላይ ቀጥ ያለ ሐምራዊ ቀለም ካያችሁ ቁሙ። ስፋቱ ቢያንስ ሁለት ኢንች፣ ርዝመቱ ስምንት ኢንች ነው፤ ከመሬት ከሦስት እስከ ስድስት ጫማ ከፍታ ላይ ይቀባል። በብርማ ቀለምም ይሆናል። ትርጉሙ «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ሰሌዳ እኩል ነው። እንዲህ ወደታገደ መሬት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ወይም ባለቤቱ አብሮ ሳይኖር አውቆ ለአደን መግባት እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። የዜግነት ማመልከቻ ላይ ስለ ክስና እስር የሚጠይቀውን ገጽ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ምልክት የሌለው መሬትም ቢሆን ፈቃድ ይፈልጋል። ስለ መታወቂያም ልጨምር፤ ግሪን ካርድ ያለው ጠመንጃ መያዝ ይችላል፤ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን ጠበቃ ሳያማክር ጠመንጃ አይንካ።

የባለመሬቱ ፈቃድ የሚጠየቀው በጁላይና በኦገስት ነው፤ በኖቬምበር ዋዜማ በር ማንኳኳት ዋጋ የለውም። በቀን፣ ያለ ጠመንጃ፣ ያለ ወታደር ቀለም ልብስ፣ ብቻችሁን ሂዱ። አምስት ሰው በአንድ መኪና ሲወርድ ገበሬው በሩን አይከፍትም፤ አይፈረድበትም። ስም፣ ስልክ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ የምትመጡባቸው ቀኖችና መኪና የምታቆሙበት ቦታ የሰፈረበት አንድ ገጽ ስጡት፤ ከታች ይፈርምበት። አኩሪ አተሩን እየበሉ ያስቸገሩት በብዛት እንስቶቹ ናቸውና «እንስት ነው የምገድለው» በሉት፤ ቀንድ ፍለጋ ከሚመጣው ሰው የምትለዩት በዚህ ነው። «ብትወድቁ ትከሱኛላችሁ» ብሎ ከሰጋ፣ ያለ ክፍያ ለአደን የፈቀደን ባለመሬት የቨርጂኒያ ሕግ ከአብዛኛው ተጠያቂነት እንደሚጠብቀው ንገሩት።

እና እባካችሁ፣ የተሰጣችሁ ፈቃድ ለአጎታችሁ ልጅ አይደለም። የኛ ሰው በብዛት በሩ የሚዘጋበት በዚህ ነው፦ አንዱ ይፈቀድለታል፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ሦስት መኪና ይቆማል።

አሁን ወደ ተኩሱ። ዒላማው ከፊት እግር ጀርባ፣ ከደረቱ አንድ ሦስተኛ ከፍ ብሎ ነው፤ ልብና ሳንባ ያለበት፣ ስፋቱ ከእንጀራ ሳይሆን ከቡና ሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ትንሽ ሰፋ የሚል ቦታ። ጎኑን ሲሰጣችሁ ወይም ፊቱን ከእናንተ ትንሽ አዙሮ ሲቆም ብቻ ተኩሱ። ፊት ለፊት ሲያያችሁ ወይም ሲሮጥ አይተኮስም። ከጀርባው ያለው አፈር ይሁን እንጂ ሰማይ አይሁን።

ከተኮሳችሁ በኋላ ከቦታችሁ አትነሡ። የቆመበትን ዛፍና የሮጠበትን አቅጣጫ በዓይናችሁ ያዙ፣ ሰዓት ተመልከቱ። ከዚያ ደሙን አንብቡ። ደማቅ፣ አረፋ ያለው ደም ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ጠቆር ያለ ቀይ ደም ጉበት ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነገር ከሽታ ጋር ካያችሁ ጨጓራ ወይም አንጀት ተመቷል፤ ከስምንት ሰዓት በታች አትከተሉት። ቸኩላችሁ ከተኛበት ካስነሣችሁት ደም ሳያፈስ ማይል ይሄዳል፣ አታገኙትም። በማሰሪያ የተያዘ ፈላጊ ውሻ መጠቀም ቨርጂኒያ ውስጥ ይፈቀዳል።

ልቡን የተመታም እንኳ 100 ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ስለዚህ የዛፍ ላይ መቀመጫችሁን ከሰው ድንበር ላይ አትስቀሉ። የቆሰለው ድንበር ከተሻገረ ጠመንጃውን አስቀምጡና ለባለመሬቱ ደውሉ። እንቢ ካለ የዱር እንስሳት ፖሊስ ጥሩ እንጂ አጥር አትዝለሉ። የጎረቤቱን ስልክ ቀድሞ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አጋዘኑ ሲገኝ ከወደቀበት ሳይነቃነቅ የአደን ፈቃዱ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ በዚያው ቀን ይመዘገባል። ሆዱ ሲከፈት ቢላው ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ በሁለት ጣት መካከል ይሂድ፤ ጨጓራና ፊኛ ከተበሱ የጭኑ ሥጋ ይበላሻል። ሥጋው ቶሎ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይውረድ፤ ሞቅ ባለ የኖቬምበር ቀን የበረዶ ከረጢት ደረቱ ውስጥ ይከተት። ሙስሊም አዳኝ ቢስሚላህ የሚለው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ነው፤ ኦርቶዶክሱ የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ይጠይቅ። አንዱን ሽንጥ ለባለመሬቱ አድርሱ። ለምግብ ቤት ወይም ለሥጋ ቤት መሸጥ ግን በሕግ የተከለከለ ነው።

ክትፎውን በተመለከተ፣ የአጋዘን ሥጋ በጥሬው አይበላም፣ ለብ ለብም አይደረግም። መርማሪ ያላየው ሥጋ ነው፤ የተፈጨው 71 ዲግሪ ይድረስ። አጋዘንን እያከሳ የሚገድለውን ሲደብሊውዲ የሚባል የአንጎል በሽታ ግን እሳትም አይገድለውም። ቨርጂኒያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2009 ፍሬድሪክ ካውንቲ ነው። ወደ ሰው መተላለፉ አልታየም፤ ቢሆንም የጤና ባለሥልጣናት በምርመራ የተያዘውን አትብሉ ይላሉ። በሽታው ባለበት አካባቢ ካደናችሁ ራሱን ከአንገቱ አራት ኢንች ያህል ጋር ቁረጡና ናሙና መቀበያው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ፤ ሥጋውን ከአጥንት ለይታችሁ፣ ቀን ጽፋችሁበት ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ውጤቱ ጊዜ ይወስዳል። ጾሙም እንዲሁ።