በሰው አገር ጥሩ ቡና ፍለጋ፦ ስሙን ትታችሁ ቀኑን እዩ

(ምስል፦ ሁለት የቡና ከረጢቶች ጎን ለጎን)

እነዚህን ሁለት ከረጢቶች ተመልከቷቸው። የግራው አምሯል፤ ተራራ ተስሎበታል፣ «በትንሽ በትንሹ በጥንቃቄ የተቆላ» ይላል። የቀኙ ተራ ወረቀት ነው፤ ያለው አንድ ማኅተም ብቻ ሲሆን እሱም ቡናው የተቆላበት ቀን ነው። ምረጡ ብትሉኝ ሳልቀምስ የቀኙን አነሳለሁ።

«በትንሽ በትንሹ» ሲባል ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚወስን ደንብ የለም። በአንዴ 1 ኪሎ የሚቆላውም፣ 15 ኪሎ የሚቆላውም፣ 60 ኪሎ የሚቆላውም ያንኑ ቢጽፍ ከልካይ የለውም። ቀን የጻፈ ቆዪ ግን ቡናው መደርደሪያ ላይ ሲያረጅ ገዢው እንዲያይበት ፈቅዷል።

አደራ፣ «እስከዚህ ቀን ቢጠጡት ይመረጣል» ከሚለው ጋር እንዳታምታቱት። እሱ ብዙ ጊዜ ከተቆላበት 1 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ርቆ የሚጻፍ ነው። ቡናው እስከዚያ አይጎዳችሁም፤ መዓዛው ግን ቀድሞ ሄዷል። ደግሞ 03/04 በአንዱ አገር ኤፕሪል 3፣ በሌላው ማርች 4 ነው። ለተቆላ ቡና አንድ ወር ብዙ ነው።

(ምስል፦ ማሽን ውስጥ የሚንጣጣ ቡና)

ቡና እየተቆላ ሙቀቱ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መንጣጣት ይጀምራል። ፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎት ነው እየሰነጠቀው የሚወጣው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ሁሉም በአንዴ አይወጣም፤ ከተቆላ በኋላም ለቀናት ቀስ እያለ ይለቃል። ከረጢቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ይህን ጋዝ ታስወጣለች፣ አየር ግን አታስገባም።

ስለዚህ ትናንት የተቆላ ቡና አግኝታችሁ ከሆነ አትቸኩሉ። ጋዙ ገና ስላልወጣ ውሃው ፍሬው ውስጥ በደንብ አይገባም። በስሱ የተቆላው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ማረፍ ይወዳል፤ ለኤስፕሬሶ ከሆነ ትንሽ ቢጨመርለትም አይከፋም። ጠቆር ብሎ የተቆላው ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ያልፍበታል። የተፈጨ ቡናማ በሰዓታት ውስጥ መዓዛውን ያጣል። ወፍጮ ከሌላችሁ ውድ ቡና አትግዙ፤ መጀመሪያ ወፍጮውን ግዙ።

ውጭ አገር የሚኖር ብዙ ሰው የሚወደውን ቡና ከሩቅ ያስልካል። እኔ አልመክርም። ጥሬ ቡና በደንብ ከታሸገ በመርከብ ወራት ተጉዞም ደህና ይደርሳል። የተቆላው ግን ፖስታ ቤትና ጉምሩክ እየጠበቀ ዕድሜውን ይጨርሳል። ከየትኛውም አገር የመጣ ጥሬ በአጠገባችሁ ሲቆላ ይሻላል።

(ምስል፦ የቡና ቤት ባንኮኒ)

ቆዪውን እንዴት ታገኙታላችሁ? የወደዳችሁት ቡና ቤት ገብታችሁ ባሪስታውን «ቡናችሁን የሚቆላላችሁ ማነው?» በሉት። በቡናው የሚኮራ ቤት ይህን አይደብቅም። ከዚያ ቆዪውን በሳምንት በየትኛው ቀን እንደሚቆላ ጠይቁት። ትናንሾቹ ብዙ ጊዜ ትእዛዝ ሰብስበው በተወሰኑ ቀናት ነው የሚቆሉት፤ ከዚያ ቀን በፊት ያዘዘ ትኩሱን ያገኛል። ቋንቋው ካስቸገራችሁ ጥያቄውን ጽፋችሁ ላኩ።

አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ ጥሬው የተለቀመው መቼ ነው? ጥሬም ያረጃል፤ ከዓመት በላይ ሲቀመጥ ጆንያ ጆንያ ማለት ይጀምራል። የኢትዮጵያ ምርት በአብዛኛው ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ፣ የብራዚል ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ይለቀማል። ወቅት የሚከተል ቆዪ ስለዚህ ዝርዝሩን ይቀያይራል። ባለፈው የወደዳችሁት ቡና ዛሬ «አልቋል» ቢላችሁ አትቀየሙት፤ እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

አንዳንድ ከረጢት ላይ 86 ወይም 88 የሚል ነጥብ ታያላችሁ። ለረጅም ጊዜ በተሠራበት የቅምሻ መለኪያ ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ ይባላል። ነጥቡ ግን በአብዛኛው ለጥሬው የተሰጠ ነው፤ ለቅምሻ ሲባል ናሙናው ለብቻው ተቆልቶ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቆዪው ቢያሳርረው 88ቱ አያድናችሁም። ከነጥቡ ይልቅ አካባቢውን፣ የማጠቢያ ጣቢያውን ወይም የገበሬውን ስም፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑን ፈልጉ።

(ምስል፦ ሁለት ብርጭቆ ውሃ)

ቆዪውን ከመውቀሳችሁ በፊት የቧንቧችሁን ውሃ ጠርጥሩ። ስኒ ውስጥ ካለው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከተማ ስትቀይሩ ደግሞ ውሃውም ይቀየራል። የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር መመዘኛ በሊትር 150 ሚሊግራም ያህል የተሟሟ ማዕድን ያለበትን ውሃ ነው የሚመክረው። ማዕድን የበዛበት ውሃ የቡናውን ደማቅ ጣዕም ይውጠዋል።

በመጀመሪያው ግዢ ከ250 ግራም አትለፉ። አንዱን ስኒ በቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን የማዕድን ቁጥሩ ለ150ው ተጠግቶ ባገኛችሁት የታሸገ ውሃ፣ በአንድ መጠን አዘጋጁ። ሁለተኛው ከጣፈጠ የሚያስፈልጋችሁ የውሃ ማጣሪያ ነው። ሁለቱም ካልጣፈጡ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቆዪ ሞክሩ።