ባለሸራ መርከቦቹን ምን በላቸው?

[ስክሪኑ ላይ፦ ካርታ። አሰብ፣ ስዊዝ እና ስኮትላንድ በየተራ ይበራሉ።]

ጤና ይስጥልን። ዛሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተፈጸሙ ሦስት ነገሮች እንነሳ። ዓመቱ 1869 ነው። በዚህ ቪዲዮ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኖቬምበር 15፣ ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል ጣሊያናዊ ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር ተዋውሎ አሰብ ላይ መሬት ገዛ። ቦታው ሩባቲኖ ለሚባል የጄኖቫ የመርከብ ኩባንያ ሆነ። የእንፋሎት መርከቦች ቆመው የድንጋይ ከሰል የሚሞሉበት ጣቢያ ይፈለግ ነበር። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ተረከበው። ከዚያ እስከ ዓድዋ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ኖቬምበር 17፣ የስዊዝ ቦይ ተመረቀ።

ኖቬምበር 22፣ ስኮትላንድ ውስጥ ደምባርተን በምትባል ከተማ አንዲት አዲስ ባለሸራ መርከብ ውሃ ነካች። ስሟ ካቲ ሳርክ ነው። ሞተር የላትም። ዋናው ምሰሶዋ 46 ሜትር ይረዝማል። ሸራዋ በሙሉ ቢዘረጋ 3,000 ካሬ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ዓለም ወደ ከሰል ፊቱን ባዞረበት ሳምንት በነፋስ የምትሄድ መርከብ! ባለቤቷ ጆን ዊሊስ ይባላል፤ ነጭ ባርኔጣ ከራሱ የማይጠፋ የለንደን ነጋዴ ነው። ሰውየው አብዶ ነው እንዴ? አላበደም። ለምን እንዳላበደ ለመረዳት ሦስት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ።

[ምስል፦ በሙሉ ሸራ የሚሮጡ ሁለት መርከቦች ሥዕል]

በ1866 ከቻይናዋ ፉዡ ወደብ ሻይ ቅጠል የጫኑ መርከቦች ወደ ለንደን ተነሱ። የዓመቱን አዲስ ሻይ ቀድሞ ላደረሰ ጉርሻ አለ። ርቀቱ አፍሪካን ዞሮ ወደ 25,000 ኪሎ ሜትር ነው። ታይፒንግ፣ ኤሪየል እና ሴሪካ የሚባሉት ሦስቱ ከ99 ቀን ጉዞ በኋላ በአንድ ቀን፣ በአንድ የባሕር ሙላት ለንደን ገቡ። ታይፒንግ ኤሪየልን የቀደመቻት በ28 ደቂቃ ብቻ ነው። ባለቤቶቹ ክርክር ከሚነሳ ብለው ጉርሻውን ተካፈሉት።

የለንደን ጋዜጦች በዚህ ሩጫ አበዱ። አንድ ነገር ግን ብዙም ጭብጨባ አላገኘም። ኤርል ኪንግ የምትባል ሞተርም ሸራም ያላት መርከብ ከፉዡ ከእነሱ በኋላ ተነስታ ከሁለት ሳምንት በፊት ደርሳለች። የፈጀባት 77 ቀን ነው።

እና ዊሊስ ይህን አልሰማም? ሰምቷል። ግን የእንፋሎት መርከብ ችግር አለበት። ከሰል ይበላል። ረጅም መንገድ ከሄደ ሆዱን ግማሽ ለራሱ ስንቅ ይይዘዋል፤ ለጭነት የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። ነፋስ ደግሞ በነፃ ነው። አፍሪካን መዞር የግድ እስከሆነ ድረስ የዊሊስ ሒሳብ ያስኬዳል።

ስዊዝ ያንን ሒሳብ አፈረሰው። የቻይናና የለንደን መንገድ በ6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አጠረ። የእንፋሎት መርከቦች በየመንገዱ እየቆሙ ከሰል መሙላት ቻሉ፤ አሰብም የተፈለገችው ለዚሁ ነው።

ባለሸራዎቹስ ለምን በስዊዝ አላለፉም? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። ቦዩ ውስጥ በሸራ መሄድ አይታሰብም፤ በጎታች መርከብ መጎተት አለባቸው፣ ያም ገንዘብ ነው። ዋናው እንቅፋት ግን ቀይ ባሕር ራሱ ነው። በሰሜኑ በኩል ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ነፋሱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ወደ ስዊዝ የሚወጣ መርከብ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታዋል። ግራና ቀኙ ደግሞ የኮራል ድንጋይ ነው። ስለዚህ ባለሸራዎቹ በአሮጌው መንገድ፣ በአፍሪካ ጫፍ መዞራቸውን ቀጠሉ።

[ምስል፦ የካቲ ሳርክ የኋላ ክፍል ንድፍ፤ መሪው በቀይ ተከቦ]

ካቲ ሳርክ የሻይ ሩጫ አሸንፋ አታውቅም። ይህን ስል የሚናደዱብኝ አይጠፉም፤ እውነቱ ግን ያ ነው። ለማሸነፍ በጣም የቀረበችው በ1872 ነው። ቴርሞፒሊ ከምትባለው ተቀናቃኟ ጋር ከሻንጋይ በአንድ ሰሞን ተነሱ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ካቲ ሳርክ 400 ማይል ያህል መራች። ከዚያ ኦገስት 15 ማዕበል መሪዋን፣ ማለትም ከኋላዋ ሆኖ አቅጣጫ የሚያስይዛትን ሰሌዳ፣ ገንጥሎ ወሰደው።

የባለቤቱ ወንድም መርከቧ ላይ ተሳፍሮ ነበር። ካፒቴን ሙዲን ኬፕታውን ገብተህ አሠራ አለው። ካፒቴኑ እምቢ አለ። አናጢው ሄንሪ ሄንደርሰን ከትርፍ ምሰሶ እንጨት እየጠረበ አዲስ መሪ መሥራት ጀመረ። ማሰሪያ ብረቱን ለማጋል ወለሉ ላይ የአንጥረኛ ምድጃ ተተከለ። ወናፉን የሚነፋው የካፒቴኑ ልጅ ነው። መርከቧ በማዕበል ስትንገጫገጭ ምድጃው ተገልብጦ ልጁን አቃጠለው። ሥራው ግን አልቆመም። አስቡት፤ ወለሉ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያዘነበለ፣ ውሃ እየረጨ፣ የጋለ ብረት በመዶሻ መቀጥቀጥ። አዲሱን መሪ ከኋላዋ አውርደው ሲገጥሙት ያንን ሁሉ ክብደት በገመድ ብቻ ነው የያዙት።

ለንደን የደረሰችው ከቴርሞፒሊ አንድ ሳምንት ብቻ ዘግይታ ነው። ሄንደርሰን 50 ፓውንድ ተሸለመ። ሙዲ ግን ያን ጉዞ እንደጨረሰ መርከቧን ለቀቀ፤ ከባለቤቱ ወንድም ጋር የነበረው ጭቅጭቅ አንገሽግሾት ነበር።

የሻይ ዘመኗ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። በ1877 ለመጨረሻ ጊዜ ሻይ ጫነች። ቀጥሎ ያገኘችውን ሁሉ መሸከም ሆነ ሥራዋ። በ1880 ምሰሶዎቿ ተቆርጠው አጠሩ፤ ሸራው ሲያንስ መርከበኛውም ያንሳል፣ ደሞዙም ያንሳል።

[ምስል፦ የከሰል ክምር፤ ጥቁር ወደብ]

አሁን ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ቦታ ጋ ደረስን። በዚያው በ1880 ካቲ ሳርክ ከዌልስ ተነሳች። መድረሻዋ ዮኮሃማ፣ ጃፓን። የጫነችው ምን ይመስላችኋል? የድንጋይ ከሰል። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የእንፋሎት መርከቦች።

ይህ የእሷ ብቻ ዕጣ አልነበረም። የእንፋሎት መርከብ በየወደቡ ከሰል ይፈልጋል። ከሰሉን እዚያ ማን ያድርሰው? በእንፋሎት መርከብ ቢላክ ራሱ እየበላው ይሄዳል። ርካሹ ማጓጓዣ ባለሸራ መርከብ ነው። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሸራዎች ለሃምሳ ዓመት ያህል ለተቀናቃኞቻቸው ቀለብ አመላላሽ ሆኑ። ከዌልስ ወደ ደቡብ አሜሪካና ወደ እስያ፣ ከአውስትራሊያዋ ኒውካስል ወደ ቺሊ። ሥራውም አደገኛ ነው። ከሰል በመርከብ ሆድ ውስጥ ታፍኖ ወራት ሲቆይ በራሱ ይግልና ይቀጣጠላል። በዚህ የተቃጠሉ መርከቦች ብዙ ናቸው።

ያ የዮኮሃማ ጉዞ ሌላም ጣጣ ነበረበት። የመርከቧ ምክትል አንድ መርከበኛ መትቶ ገደለ። ካፒቴን ዋላስ ገዳዩ ኢንዶኔዥያ አካባቢ እንዲያመልጥ ረዳው። መርከበኞቹ አንሠራም አሉ። ከዚያ ነፋስ ጠፋ። ሸራው ተንጠልጥሎ፣ መርከቧ ጃቫ ባሕር ላይ ተገትራ፣ ካፒቴኑ የሚጠብቀውን ፍርድ ሲያስብ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ራሱን ባሕር ውስጥ ወረወረ። ሊያወጡት ጀልባ አወረዱ፤ አላገኙትም።

[ምስል፦ የሱፍ ጥቅሎች፤ ሲድኒ ወደብ]

ደጉ ዘመኗ የመጣው ሁሉም ነገር አበቃ በተባለበት ጊዜ ነው። ከ1883 ጀምሮ ከአውስትራሊያ የበግ ሱፍ መጫን ጀመረች። የወደብ ሠራተኞች ሱፉን በመጭመቂያ ብረት እየገፉ፣ ታክሲ ረዳት ሰው እንደሚጠቀጥቀው፣ ክፍተት እስኪጠፋ ይጠቀጥቁት ነበር።

በ1885 ሪቻርድ ውድጌት ካፒቴን ሆነ። ጎበዝ መርከበኛ፣ ትንሽ ደግሞ ቀበጥ ነገር ነው። ውሻ ያረባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ጭነት በሌለ ጊዜ መርከቧ ውስጥ ብስክሌት ይነዳል። መርከቧን ግን ማንም ያልደፈረው ቦታ፣ የበረዶ ተራራ ወደሚንሳፈፍበት ወደ ደቡብ ዝቅ አድርጎ ነው የሚወስዳት። ኃይለኛው ነፋስ ያለው እዚያ ነው። ከሲድኒ እንግሊዝ በ73 ቀን ገብታለች።

በጁላይ 1889 ብሪታኒያ የምትባል ዘመናዊ የመንገደኞች የእንፋሎት መርከብ ወደ ሲድኒ እየሄደች ነበር። ሌሊት ከኋላዋ መብራት ታየ። መብራቱ ቀረበ፤ ከዚያ አለፋት። መኮንኖቹ በፍጥነቷ ተገረሙ። ያለፈቻቸው ባለሸራ መርከብ ናት። ካቲ ሳርክ 17 ኖት ያህል፣ ማለትም በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እየሮጠች ነበር። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ከሰልን ብቻ ለሚያመልክ ሰው ጥሩ ጥፊ ነው።

ጥፊው ግን ሒሳቡን አልለወጠም። የእንፋሎት ሞተሮች እየተሻሻሉ የሚበሉት ከሰል አነሰ። ለባለሸራዎቹ የቀረላቸው ረጅሙና ማንም የማይፈልገው መንገድ ነው፦ ለማዳበሪያ የሚሆነው የቺሊ ናይትሬት፣ የካሊፎርኒያ ስንዴ፣ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ኬፕ ሆርንን እየዞሩ። በ1914 የፓናማ ቦይ ሲከፈት ያም ተወሰደ። በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ፤ ቀርፋፋና መከላከያ የሌለው ባለሸራ መርከብ ለጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ቀላል ምግብ ሆነ።

[ስክሪኑ ላይ፦ የመርከቦቹ ስም አንድ በአንድ]

አሁን መጨረሻቸውን እንይ።

ታይፒንግ በ1871 ደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ከድንጋይ ጋር ተላትማ ጠፋች። ሴሪካ በ1872 እዚያው ባሕር ላይ ተሰባበረች። ኤሪየል በዚያው ዓመት ከለንደን ወደ ሲድኒ ተነሳች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ዓለም ያጨበጨበላቸው ሦስቱም ከሩጫው በስድስት ዓመት ውስጥ አለቁ።

ቴርሞፒሊ ወደ ካናዳ ተሸጣ ሩዝ አመላለሰች። ከዚያ የፖርቱጋል ባሕር ኃይል ወሰዳት። በ1907 አርጅታ ሲያስቸግራቸው ካሽካይሽ ከተባለው ቦታ ፊት ለፊት፣ በወታደራዊ ክብር፣ በራሳቸው ቶርፔዶ አሰጠሟት።

ዋቨርትሪ በ1885 የተሠራች ባለሸራ የብረት መርከብ ናት። በ1910 ኬፕ ሆርን ላይ ምሰሶዋ ተሰበረ። ማሳደሱ ከዋጋዋ በለጠ። ቺሊ ውስጥ ፑንታ አሬናስ ላይ ተንሳፋፊ መጋዘን አደረጓት። ቀጥሎ ቦነስ አይረስ ውስጥ አሸዋ ተሸካሚ ሆነች። ምሰሶ የሌላት ዝገታም ቆርቆሮ ሆና ሳለ የመርከብ ታሪክ የሚወዱ አሜሪካውያን አገኟት፤ በ1970 ኒውዮርክ ገባች። ዛሬ ምሰሶዎቿ ቆመውላት ማንሃታን ላይ ናት።

ሌዲ ኤልሳቤጥ ለምትባለው ባለሸራ ግን ገዢ አልመጣላትም። በ1879 ተሠራች፤ በ1913 ፎክላንድ ደሴቶች ላይ ተጎድታ ቀረች፤ መጋዘን ሆነች፤ በ1936 ነፋስ ገመዷን በጥሶ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ አስቀመጣት። አሁንም እዚያው እየዛገች ነው።

ካቲ ሳርክስ? በ1895 ዊሊስ ለፖርቱጋሎች ሸጣት። ፌሬራ ተብላ ወደ አፍሪካና ወደ አሜሪካ ጭነት አመላለሰች። በ1916 ምሰሶዋን ማዕበል ወሰደው። በ1922 ዊልፍሬድ ዶውማን የሚባል ጡረተኛ ካፒቴን ገዛት። ዶውማን ልጅ ሆኖ ሲሠራበት የነበረውን መርከብ በ1894 ባሕር ላይ በፍጥነት ስታልፈው አይቷታል፤ አልረሳትም። በ1954 ግሪንዊች ገብታ ቆመች።

በሜይ 2007 እሳት ተነሳባት። ምክንያቱ ሳይጠፋ የቀረ የጽዳት ማሽን ነው ተባለ። ያ ሁሉ ማዕበል ያላሸነፋት መርከብ በቫኪዩም ክሊነር! ደግነቱ ለእድሳት ምሰሶዎቿና ብዙው ጣውላዋ ቀድመው ተነቅለው ሌላ ቦታ ነበሩ። በ2012 እንደገና ተከፈተች።

ለንደን ያላችሁ በዲኤልአር ባቡር ሂዱ፤ ጣቢያው ራሱ ካቲ ሳርክ ነው የሚባለው። ከእድሳቱ ወዲህ መርከቧ ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ተደርጋ ስለተቀመጠች ከሥሯ ገብቶ መሄድ ይቻላል። ወደ ኋላዋ ጫፍ እለፉና ቀና በሉ። መሪው የሚገጠምበትን ቦታ ታያላችሁ፤ ሄንደርሰንና ጓደኞቹ በገመድ ብቻ እየመሩ አዲሱን መሪ ያስገቡት እዚያ ነው፣ ያውም ባሕሩ እያናወጣቸው።