ቃሉ ከየት መጣ?

እንደምን አረፈዳችሁ የሐዋሳ ልጆች! መምህራን፣ ወላጆች፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ ግራመር አላወራም፣ እሱን ክላስ ትጠግቡታላችሁ። የማወራችሁ የእንግሊዝኛ ቃላት ከየት እንደመጡ ነው፣ ምክንያቱም ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የሚዞረው የቃላት ታሪክ ብዙው ፈጠራ ነው፣ እናንተ ደግሞ እውነቱን ብታውቁ ደስ ይለኛል። ኒውስ የሚለው ቃል የአራቱ አቅጣጫዎች፣ የኖርዝ ኢስት ዌስት ሳውዝ የመጀመሪያ ፊደሎች ነው ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ውሸት ነው። ኒው አዲስ ነው፣ ኤስ ተጨመረችበትና አዳዲስ ነገር ሆነ፣ አለቀ። በነገራችን ላይ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ከምህጻር የተወለደ ቃል በጣም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የሆነ የድሮ ቃል የእንትን ምህጻር ነው ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ።

ከነዛ ጥቂቶች አንዱ ግን ኦኬ ነው! ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ በ1830ዎቹ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ቦስተን ያሉ ጋዜጠኞች ሆን ብለው ስፔሊንግ እያበላሹ የመጀመሪያ ፊደሎቹን ብቻ የመጻፍ ፋሽን ነበራቸው፣ እና ኦል ኮሬክት፣ ሁሉም ልክ ነው ለማለት በኤ እና በሲ መጀመር ሲገባቸው በኦ እና በኬ ጀመሩትና ማርች 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ላይ ወጣ። እንደሱ ዓይነት ብዙ ምህጻር ነበር፣ ሌላው ተረስቶ ቀረ፣ ይሄኛውን ያተረፈው ፖለቲካ ነው። በ1840 ምርጫ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ማርቲን ቫን ቡረን የትውልድ ቦታቸው ኪንደርሁክ ስለሆነ ደጋፊዎቻቸው ኦልድ ኪንደርሁክ ብለው ኦኬን መፈክር አደረጉት። ይሄን ያወቅነው አለን ዎከር ሪድ የሚባል ምሁር የድሮ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ከርሞ በ1960ዎቹ ስላሳተመው ነው፣ ከዛ በፊት ሁሉም የመሰለውን ያወራ ነበር። እኔ እንደዚህ ዓይነት ሰው በጣም ነው የማከብረው።

ሌላ ልጨምር። አሞራ ገደል የምትበሉት አሳ በእንግሊዝኛ ሐይቅ ውስጥም ሳህን ላይም ያው ፊሽ ነው። ላም ግን በረት ውስጥ ካው ናት፣ ሜኑ ላይ ቢፍ። ለምን? በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ፣ ቤተ መንግሥቱና ትልልቁ ማዕድ በፈረንሳይኛ ሆነ፣ ቢፍ፣ ፖርክ (የአሳማ ሥጋ)፣ መተን (የበግ ሥጋ) ሁሉም ከዛ የመጡ ናቸው፣ አርቢው ገበሬ ግን የድሮ ስሙን አልለቀቀም። እዚህም ላይ ጥንቃቄ አለ፣ ነገሩ በአንድ ቀን የተከፈለ አይደለም፣ ቢፍ ራሱ ለብዙ መቶ ዓመት በቁሙ ላለው በሬም ይባል ነበር። ከዛ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ቢፍ ማለት ማማረር ሆነ፣ ዛሬ እናንተ ራፐሮች ሲጣሉ ቢፍ ላይ ናቸው የምትሉት የዛ ልጅ ነው።

እንዴት እናጣራ ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ ቃሉ ተጽፎ የተገኘበትን ዓመት ፈልጉ። የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት ከ1884 ጀምሮ ሲያወጣ የኖረው ይሄንኑ ነው፣ ለእያንዳንዱ ትርጉም ከተገኘው ጽሑፍ የቆየውን ከነዓመቱ ያስቀምጣል። ታሪኩ ከዓመቱ ጋር ካልገጠመ ተዉት።

አሁን ማይኩ የናንተ ነው፣ ከየት መጣ ብላችሁ የምትገረሙበት ቃል ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።