ተጓዳኝ ያጣ ፕሮቲን፦ ሕዋስ ትርፉን የሚያስወግድበት ሥርዓት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች፤

በሕዋስ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች እጅግ ብዙዎቹ ሥራ የሚጀምሩት ከሌሎች ጋር በተወሰነ ቁጥርና ቅርጽ ሲጣመሩ ነው። ፕሮቲን የሚያመርተው የሕዋስ መሣሪያ፣ ራይቦዞም፣ በሰው ውስጥ 80 ያህል ፕሮቲኖችን ከ4 የአርኤንኤ ሞለኪውሎች ጋር ያጣምራል፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ደግሞ የ2 አልፋና የ2 ቤታ ሰንሰለቶች ጥምረት ነው። የአልፋ ጂኖች በ16ኛው ክሮሞዞም፣ የቤታው ጂን በ11ኛው ላይ ስለሚገኙ፣ ሁለቱ ሰንሰለቶች ምንጊዜም በእኩል መጠን ይመረታሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ታዲያ ሚዛኑ በምን ይጠበቃል?

የመልሱ አንድ ክፍል ምርትን መመጠን ነው፤ ባክቴሪያዎች የአንድ ጥምረት ክፍሎችን በሚፈለገው ምጣኔ ልክ እንደሚያመርቱ ተረጋግጧል። የቀረውን ልዩነት የሚያስተካክለው ግን ማፍረስ ነው። የፕሮቲን መፍረስ በአብዛኛው የሚነገረው ያረጀውንና የተበላሸውን እንደማስወገድ ብቻ ተደርጎ ነው፤ እኔ ግን የግንባታው አንድ አካል ሆኖ ሊታይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሄሞግሎቢንን ቀረብ ብለን እንመልከት። የአልፋ ሰንሰለት ከቤታ ጋር የሚገናኝበት ገጽ ውኃን የሚሸሽ ነው። ቤታ እስኪመጣ ድረስ አልፋን የሚደግፍ አጋዥ ፕሮቲን አለ፤ ተጓዳኙን ሳያገኝ የቀረውን አልፋ ደግሞ ዩቢኢ2ኦ የተባለው ኢንዛይም ከተጋለጠው ገጹ ለይቶ፣ 76 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ዩቢኩቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን የመፍረስ ምልክት አድርጎ ይለጥፍበታል። ምልክቱ የተለጠፈበትን ፕሮቲን ፕሮቲያዞም የተባለው የሕዋሱ ፕሮቲን አፍራሽ መሣሪያ ይቆራርጠዋል። ይህን በዩቢኩቲን የሚመራ ሥርዓት በማግኘታቸው ቺካኖቨር፣ ሄርሽኮና ሮዝ የ2004 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሥርዓቱ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ምን እንደሚከተል የቤታ ሰንሰለት ምርት በሚያንስበት በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ፣ በቤታ ታላሴሚያ፣ ይታያል። ቤታ በማነሱ የተረፈው አልፋ እየተጠራቀመ ይዘቅጣል፣ የቀይ ደም ሕዋሱን ሽፋን ይጎዳል፣ ሕዋሱም ሳይበስል ይሞታል። እጅግ የሚያስገርመኝ ግን ይህ ነው፦ በዚሁ በሽታ ላይ አልፋንም የሚቀንስ የዘር ለውጥ የወረሱ ሰዎች ሕመማቸው አብዛኛውን ጊዜ ይቀልላል። ጉዳቱ በብዛት የሚመጣው ከጎደለው ይልቅ ከተረፈው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

ራይቦዞምም ተመሳሳይ ነገር ያሳየናል። ሕዋስ የራይቦዞም ፕሮቲኖችን ከሚያስፈልገው አብልጦ ያመርትና፣ ወደ ኒውክለስ ገብተው ቦታ ያላገኙትን ወዲያው ያፈርሳል። በእርሾ ውስጥ ይህን የሚሠራው ቶም1 የተባለ ኢንዛይም፣ የተረፈውን ፕሮቲን የሚለይባቸው አሚኖ አሲዶች በተጠናቀቀ ራይቦዞም ውስጥ ተሸፍነው የማይደረስባቸው ናቸው። ስለዚህ ሕዋሱ የእያንዳንዱን ፕሮቲን ብዛት መቁጠር አያስፈልገውም፤ ለመጣመር የተዘጋጀው ገጽ ራሱ ቶሎ ካልተሸፈነ የመፍረስ ምልክት ይሆናል። አንድ ክፍል ጎድሎ ግንባታው ሁሉ ከሚቆም፣ ጥቂት ትርፍ አምርቶ ማፍረስ፣ ጉልበት ቢያስወጣም፣ ለሕዋሱ የሚያዋጣ ይመስለኛል።

የዚህ ወጪ ክብደት የሚታየው አንድ ክሮሞዞም የተጨመረባቸውን ሕዋሳት ስንመረምር ነው። በተጨመረው ክሮሞዞም ላይ ያሉት ጂኖች መልእክተኛ አርኤንኤ (ፕሮቲን የሚመረትበት የጂን ግልባጭ) በአብዛኛው በቅጂው ልክ ይጨምራል፤ የጥምረት አባላት የሆኑት ብዙዎቹ ፕሮቲኖች ግን ትርፋቸው ስለሚፈርስ መጠናቸው ወደ ቀድሞው ይጠጋል። ፕሮቲያዞሙ በዚህ ሥራ ስለሚጠመድ፣ እንዲህ ካሉት የእርሾ ሕዋሳት ብዙዎቹ ፕሮቲያዞምን የሚገታ መድኃኒት ሲሰጣቸው ከጤነኞቹ ይበልጥ ይጎዳሉ። ፀረ እንግዳ አካል በብዛት የሚያመርቱት የመልቲፕል ማየሎማ የካንሰር ሕዋሳትም የፕሮቲያዞም ጥገኞች ናቸው፤ በ2003 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ ፕሮቲያዞምን የሚገታው ቦርቴዞሚብ የተባለ መድኃኒት የሚያጠቃቸው በዚሁ በኩል ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።